አንዱ አርሶ አደር በመዝገቡ ላይ ሁለት ሲሆን

በሰኔ ወር የመሠረታዊ ህብረት ሥራ ማህበር መጋዘን ደጃፍ የቆመ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዝናቡ ገብቷል፤ ማሳው ታርሶ ተደግሟል፤ የቀረው ማዳበሪያው ብቻ ነው። ሰልፉ ከመጋዘኑ በር ተነስቶ መንገዱ ጋ ደርሷል። ከፊሉ አህያውን ይዞ፣ ከፊሉ ጋሪ ተከራይቶ ይጠብቃል። እንበልና ከንጋት ጀምረው የተሰለፉ አንድ አዛውንት ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ መዝጋቢው ታብሌቱን አየት አድርጎ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ድርሻዎን ወስደዋል» ቢላቸው ምን ይላሉ? አልወሰዱም። ስማቸው ግን ከነኩንታሉ ተጽፎ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሌብነት ነው። አንዳንዴ እውነትም ሌብነት ይሆናል፤ ያኔ ጉዳዩ የሕግ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መዝጋቢውም አርሶ አደሩም ንጹህ ሆነው መዝገቡ ራሱ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ የተቀበለበት አጋጣሚ አለ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንን ሁለተኛውን ነው። የግብዓት ሽያጭና ስርጭት ከወረቀት ወደ ዲጂታል እየተሸጋገረ ባለበት በዚህ ወቅት፣ ችግሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚነጋገርበት ጉዳይ ሆኖ ሊቀር አይገባም። ምክንያቱም መጨረሻው ማሳ ላይ ነው።

ተደጋጋሚ ምዝገባ የሚጎዳው ማንን ነው?

አገራችን ማዳበሪያ የምትገዛው ከውጭ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት፣ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ ወደ መሐል አገር ይጓጓዛል። ግዥው ወራት ስለሚወስድ ፍላጎቱ ከወቅቱ ቀድሞ ከቀበሌ ተነስቶ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ዞንና ወደ ክልል እየተደመረ ይወጣል። ስለዚህ ቀበሌ ላይ የተደገመ አንድ ስም እዚያው አይቀርም፤ ከድምሩ ጋር አብሮ ይጓዛል።

በቁጥር እንየው። ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎች አሉ እንበል። የሁለቱም እውነተኛ ፍላጎት 2 ሺህ ኩንታል ነው። አንደኛው ቀበሌ በጥንቃቄ መዝግቦ 2 ሺህ አለ። የሁለተኛው መዝገብ ተደጋጋሚ ስሞች ስላሉበት 2 ሺህ 400 አሳየ። ድምሩ 4 ሺህ 400 ሆነ። የደረሰው አቅርቦት ግን 3 ሺህ 300 ኩንታል ብቻ ነው፤ ማለትም ከተጠየቀው 75 በመቶ። በጥያቄው ልክ ሲከፋፈል ለመጀመሪያው 1 ሺህ 500፣ ለሁለተኛው 1 ሺህ 800 ይደርሳል። በእውነተኛው ፍላጎት ቢከፋፈል ኖሮ ለሁለቱም 1 ሺህ 650 ይደርሳቸው ነበር። እንግዲህ በንጽህና የመዘገበው ቀበሌ 150 ኩንታል አጣ። ለሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ ብለን ብናስብ የ75 ሄክታር ማዳበሪያ መሆኑ ነው። ማንም አልሰረቀም፤ ጎበዙ ቀበሌ ግን ተቀጣ። በሚቀጥለው ዓመት ያ ቀበሌ በጥንቃቄ ይመዘግባል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሁለት ብዕር በአንድ መስመር ላይ

የድሮው ባሕር መዝገብ ብዙ ችግር ነበረበት። ይቀደዳል፣ ይረጥባል፣ ጽሑፉ አይነበብም። አንድ በጎ ነገር ግን ነበረው፦ መዝገቡ አንድ፣ የሚጽፍበትም አንድ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ መጻፍ አይችሉም። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ሲደርሰውም የተጻፈውን ያያል።

በዲጂታሉ መዝገብ ይህ ጥበቃ በራሱ አይመጣም። የመረጃ ቋቱ አንድ ሰርቨር ላይ ቢሆንም ጸሐፊዎቹ በየቀበሌው ናቸው። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ «ይህ አርሶ አደር በዚህ ምርት ዘመን ተመዝግቧል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «የለም» ከተባለ ይመዘግባል። ሲታይ ምንም ጉድለት የለበትም። አሁን በአንድ መጋዘን ሁለት መስኮት ተከፍቶ አባትየው በአንደኛው፣ ልጅየው በአባቱ ስም በሌላኛው ቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ታብሌት ጠየቀ፤ «የለም» ተባለ። እሱ ገና ሳይጽፍ ሁለተኛው ጠየቀ፤ ለእሱም «የለም» ተባለ፤ እውነትም ገና የለም። ከዚያ ሁለቱም ጻፉ። ሁለቱም ደንቡን አክብረዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን አንዱ ሰው ሁለት ሆነ።

በጥያቄውና በጽሕፈቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰከንድ ያነሰ ስለሆነ «እንዲህ ያለ አጋጣሚ ስንቴ ይገኛል?» የሚል አለ። ጥቅምት ላይ አይገኝም ይሆናል። ሰኔ ላይ፣ በየወረዳው ያሉ መስኮቶች ሁሉ በአንድ ማለዳ ሲከፈቱ፣ ሰርቨሩ በሥራ ብዛት ሲዘገይ፣ ያ ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ልክ ጊዜ በሌለበት ጊዜ ነው። ለዚህም ነው በሙከራ ወቅት አንድ ባለሙያ ብቻውን ቢሮ ተቀምጦ ሲፈትሸው የማይታየው።

ደግሞም አብዛኛው ድግግሞሽ ከሁለት ሰው የሚመጣ አይመስለኝም፤ ከአንድ መዝጋቢ ነው። «አስቀምጥ» የሚለውን ይነካል። ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ መልስ አይመጣም። ሰልፉ ይጮኻል። እንደገና ይነካል። የመጀመሪያው መልእክት ግን ደርሶ ተጽፏል፤ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ መዝጋቢው ሳይነካው ራሱ መልሶ ይልካል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ የግድ ነው፤ ካልላከ ምዝገባው ይጠፋል። ስለዚህ መልሶ መላክን መከልከል መፍትሔ አይሆንም። ሁለት ጊዜ ቢላክም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር ማድረግ ነው የሚያስፈልገው።

በር ጠባቂው የት ይቁም?

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይህን ለአልሚዎች ሲያነሱ የሚያገኙት አንድ የተለመደ መልስ አለ፤ «ሁሉን ነገር በትራንዛክሽን ውስጥ አድርገነዋል» የሚል። ትራንዛክሽን ማለት ተያያዥ ጽሕፈቶች ወይ ሁሉም ይጸኑ፣ ወይ ሁሉም ይቅሩ የሚል ስምምነት ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን በስፋት የሚሠራባቸው የመረጃ ቋቶች፣ ፖስትግሬስኪውኤልም ሆነ ማይኤስኪውኤል፣ ሲገዙ ይዘውት በሚመጡት መደበኛ ቅንብር ከላይ ያየነውን «ጠይቅና ጻፍ» አይከለክሉም። ጥብቅ ወደሆነው ደረጃ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ከሁለቱ አንዱ ተሰርዞ እንደገና እንዲሞክር ይደረጋል። ፕሮግራሙ መሰረዙን ተቀብሎ እንደገና የሚሞክርበት መንገድ ካልተሠራለት ግን ለመዝጋቢው የሚደርሰው ሌላ የስህተት መልእክት ነው።

ሌላው ሐሳብ መቆለፍ ነው፦ አንዱ ሲጽፍ መዝገቡ በሙሉ ይቆለፍና ሌላው ይጠብቅ። እንደ ባሕር መዝገቡ መሆኑ ነው። ቁጥሩን አስሉት። አንድ ምዝገባ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ከወሰደ በሰዓት 18 ሺህ ይስተናገዳል፤ በቂ ይመስላል። ቁልፉ እንደተያዘ ከታብሌቱ መልስ የሚጠበቅ ከሆነና ይህም በደካማ ኔትወርክ 3 ሰከንድ ከፈጀ ግን በሰዓት 1 ሺህ 200 ብቻ ይሆናል። ያ ለመላው ክልል ነው። በመጋዘኑ ደጃፍ የነበረው ሰልፍ ወደ ሰርቨሩ ደጃፍ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

የሚሠራው መፍትሔ ቀላልና የቆየ ነው። ጥበቃውን ከታብሌቱ አንስቶ መረጃው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ማቆም ነው። የመረጃ ቋቱ ራሱ «ይህ መለያ ከዚህ ምርት ዘመን ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል» የሚል ያለመደገም ገደብ እንዲኖረው ይደረጋል። ቋቱ መለያዎቹን በቅደም ተከተል በተደራጀ ኢንዴክስ ይይዛቸዋል። ሁለት ሰዎች አንዱን መለያ በአንድ ጊዜ ይዘው ቢመጡ ሁለተኛው ይቆማል። የመጀመሪያው ከጸና ሁለተኛው ይመለሳል፤ የመጀመሪያው ከተሰረዘ ሁለተኛው ይገባል። ሌሎች አርሶ አደሮችን የሚያስተናግዱት መስኮቶች በዚህ ምክንያት አይቆሙም። ቀድሞ መጠየቁ ይቅር ማለት አይደለም፤ ለመዝጋቢው ቶሎ ለማሳወቅ ይጠቅማል። ጠባቂ አድርጎ መቁጠሩ ነው ስህተቱ።

ፖስትግሬስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ በወጣው 9.5 እትሙ «ከሌለ ጻፍ፤ ካለ ግን ተወው፣ ወይም ያለውን አድስ» የሚለውን በአንድ ትእዛዝ የሚፈጽም ስልት አምጥቷል። ማይኤስኪውኤልም የራሱ ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው። ስለዚህ «ቴክኖሎጂው ገና ነው» የሚል ምክንያት አይሠራም።

መልሶ ለሚላከው መልእክት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፦ የጥያቄ ቁጥር። ታብሌቱ አዲስ ቅጽ ሲከፍት ለዚያ ቅጽ የማይደገም ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቅጹ ስንት ጊዜ ቢላክ ቁጥሩ ያው ነው። ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ቀድሞ ካየው አዲስ አይጽፍም፤ የመጀመሪያውን መልስ መልሶ ይልካል። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚሠራ ስህተት አለ። ቁጥሩ ቅጹ ሲከፈት ሳይሆን «አስቀምጥ» በተነካ ቁጥር የሚፈጠር ከሆነ እያንዳንዱ ንክኪ አዲስ ጥያቄ ይሆናል፤ ቁጥሩ መኖሩ ምንም አይጠቅምም።

ስለ ስህተት መልእክትም አንድ ነገር ልበል፤ ትንሽ ቢመስልም ያንን ሁሉ ጥበቃ የሚያፈርስ ነው። ገደቡ ሥራውን ሠርቶ ድግግሞሹን ሲመልስ ፖስትግሬስኪውኤል 23505 የሚል ኮድ ይሰጣል። ፕሮግራሙ ይህን ኮድ እንዳለ በቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለመዝጋቢው ቢያሳየው መዝጋቢው ምን ይረዳል? «አልተመዘገበም» ብሎ ነው የሚረዳው። ከዚያ የስሙን አንድ ፊደል ለውጦ ይሞክራል፤ ይገባለታል። መልእክቱ መሆን ያለበት «እኚህ አርሶ አደር በዚህ ቀን፣ በዚህ ቀበሌ፣ በዚህ መዝጋቢ ተመዝግበዋል» የሚል የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነው።

72 ዓይነት አንድ ስም

ፊደል መለወጥን ካነሳን፣ ገደቡ የሚሠራው «አንድ ነው» የምንለው ነገር በትክክል አንድ ሆኖ ሲጻፍ ብቻ ነው። ስምን መለያ ማድረግ በእኛ አገር ለምን እንደማያዛልቅ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ወስዶ መቁጠር ይበቃል። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። ቀጥሎ ስ ወይም ሥ፤ ሁለት። መጨረሻው ሴ ወይም ሤ፤ ሁለት። እስካሁን 24 ሆነ። ስሙ ተለያይቶ፣ ተጣብቆ ወይም በእዝባር አጥሮ ሊጻፍ ስለሚችል በሦስት ሲባዛ 72 ነው። ለሰው ጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው 72 ስሞች ናቸው። የአባትና የአያት ስም ሲጨመርበት ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ያስላው።

መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ በሚጽፈው መንገድ ማስቀመጥ፣ ከጎኑ ግን ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ፣ ክፍተትና እዝባርን የሚያስተካክል ለንጽጽር ብቻ የሚውል ሁለተኛ ዓምድ መያዝ ነው። ይህ ዓምድ ግን ማስጠንቀቅ እንጂ መከልከል የለበትም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸው እስከ አያት አንድ የሆነ ሁለት እውነተኛ ሰዎች ይገኛሉ። ስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም ጎረቤት፣ በአንድ ስልክ ይጠቀማሉ። በዚያ ላይ አንዱ በ09 ሲጀምር ሌላው በአገር ኮዱ በ251 ይጀምራል። የትውልድ ዘመን አንዱ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፋል።

«ፋይዳ ይህን ሁሉ ይፈታል» የሚለው አስተያየት በከፊል ትክክል ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ዲጂታል መታወቂያ በጣት አሻራ፣ በዓይን አይሪስና በፊት ምስል ተለይቶ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ሰውየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከስም ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ፋይዳ የሚያረጋግጠው ሰውየው አንድ መሆኑን ነው፤ የግብርናው መዝገብ ያንን አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይጽፍ የሚከለክለው የራሱ ገደብ ነው። ገደቡ ከሌለ አንዱ የፋይዳ ቁጥር በሁለት መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል።

ደግሞ ቁጥሩን ገና ያልያዘ አርሶ አደር ቢመጣ ቦታው ባዶ ይቀመጣል። የመረጃ ቋቶች በተለምዶ ሁለት ባዶዎችን «እኩል ናቸው» አይሉም፤ ባዶ ማለት «አይታወቅም» ነውና። ስለዚህ ገደቡ እያለም መለያው ባዶ የሆነ ሰው እንዳሻው ሊደጋገም ይችላል። ድግግሞሹ የሚሸሸገው በዚህ ቀዳዳ ነው። ቁጥር ለሌለው አርሶ አደር ቀበሌው ጊዜያዊ መለያ ሰጥቶ ኋላ ከፋይዳው ጋር እንዲያገናኘው ማድረግ ይሻላል እንጂ ቦታውን ባዶ መተው አይገባም።

የሚደገመው ሰው ነው ወይስ መሬት?

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ለአልሚው የሚተው አይደለም። «አንድ ጊዜ ብቻ» የምንለው ምንድን ነው? ሰው ነው? ቤተሰብ ነው? ማሳ ነው?

በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስም በጋራ ይይዛል። መዝገቡ የሚቆጥረው ሰውን ብቻ ከሆነ ባል በስሙ፣ ሚስት በስሟ ያንኑ አንድ ሄክታር ያስመዘግባሉ፤ ሁለቱም የተለያየ የፋይዳ ቁጥር ስላላቸው ገደቡ አይነካቸውም። አንዱ ሄክታር ሁለት ሆነ። ይህን ለመከላከል የሚቆጠረው አባወራ ብቻ ይሁን ቢባል ደግሞ የተፋታች፣ ባሏ የሞተባት፣ ወይም በግሏ የወረሰችው ማሳ ያላት ሴት ከመዝገቡ ውጭ ትሆናለች። ድግግሞሽን ለማጥፋት ሲባል እውነተኛ አርሶ አደር ማጥፋት ማለት ነው፤ ከድግግሞሹ የባሰ ጥፋት ይመስለኛል።

እንደ እኔ ሰውና ማሳ ተለያይተው ሊመዘገቡ ይገባል። ሰው በፋይዳው አንድ ጊዜ፤ ማሳ በይዞታ መለያው አንድ ጊዜ፤ የግብዓት ድርሻው ደግሞ «ይህ ማሳ በዚህ ምርት ዘመን» ከሚለው ጋር ይያያዝ። ማሳው በኪራይ ወይም በእኩል የሚታረስ ከሆነ ድርሻው ለዚያ ዓመት ለሚያርሰው ይተላለፋል፤ ባለይዞታው ፈቃዱን ይሰጣል። ያኔ ባለመሬቱም አራሹም በየፊናቸው ሊጠይቁ አይችሉም።

ሽያጩ ግን ከምዝገባው የተለየ ጠባይ አለው። አንድ አርሶ አደር ገንዘብ ስላጠረው ዛሬ ግማሽ ኩንታል፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ግማሽ ሊገዛ መብቱ ነው። የምዝገባውን ገደብ እንዳለ ወደ ሽያጭ አምጥቶ «በአንድ ምርት ዘመን አንድ ሽያጭ» ማለት ሁለተኛውን ግማሽ ይከለክለዋል። ሽያጭ ላይ የማይደገመው የደረሰኙ ቁጥር ነው፤ የሚጠበቀው ደግሞ ቀሪው ድርሻ ነው። ቀሪው 1 ኩንታል ሆኖ ሁለት መስኮቶች በአንድ ጊዜ ቢያነቡት ሁለቱም «አንድ አለ» ብለው ሁለቱም ይሸጣሉ። ማንበቡና መቀነሱ አንድ ትእዛዝ መሆን አለበት፦ ቀሪው ከተጠየቀው ካላነሰ ቀንስ፤ ካነሰ ግን አትንካው። እንዲህ ሲሆን ሁለተኛው መስኮት የመጀመሪያው ቀንሶ እስኪጨርስ ጠብቆ የሚያገኘው ዜሮ ነው።

ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ታብሌቱ ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር ሲችል ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መረጃውን ታብሌቱ ላይ ይዞ ወረዳ ሲደርስ ነው የሚያራግፈው። ማዕከሉ ላይ ያለው ገደብ ያኔ ድግግሞሹን ይይዛል፤ ማዳበሪያው ግን ወጥቶ አልቋል። የትኛውም ሶፍትዌር ይህን ሙሉ በሙሉ ይፈታል ብሎ የሚሸጥ ካለ መጠርጠር ነው።

የሚቀረው አሠራርን ማስተካከል ነው። እያንዳንዱ ማሳ የሚስተናገድበት አንድ መጋዘን ቀድሞ ይወሰን፤ ያለ ኔትወርክ መሸጥ የሚቻለውም እዚያው ብቻ፣ ዝርዝሩ በተጫነበት አንድ ታብሌት ይሁን። አዲስ ስም ያለ ኔትወርክ ሲመዘገብ «በማጣራት ላይ» ተብሎ ይቀመጥ እንጂ ወዲያው ድርሻ አይከፈትለት። ለአርሶ አደሩ ደግሞ በእጁ የሚይዘው የወረቀት ደረሰኝ ይሰጠው። ወረቀቱን ገና መሰናበት አልቻልንም፤ ክርክር ሲነሳ ከታብሌቱ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

የተከማቸውን ማጽዳት

ገደቡን ዛሬ ላብጅ ያለ ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት የመረጃ ቋቱ እምቢ ማለቱ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ድግግሞሽ እያለ ያለመደገም ገደብ አይተከልም። ስለዚህ ጽዳቱ ይቀድማል፤ ትልቁ አደጋም ያለው እዚህ ነው። «ሁለት ስለሆኑ አንዱን ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ በደቂቃ ውስጥ ሺህ መስመር ይደመስሳል። የተደመሰሰው ግን አርሶ አደሩ የያዘው ደረሰኝ የተቆረጠበት መስመር ሊሆን ይችላል፤ የብድር ዕዳው፣ የከፈለው ቅድሚያ ክፍያ ከዚያ መስመር ጋር ተያይዞ ነበር። ማዋሐድ እንጂ መሰረዝ አይደለም የሚያስፈልገው፦ ሽያጮቹና ክፍያዎቹ ወደሚቀረው መስመር ይዛወራሉ፤ አሮጌው ቁጥር ወደ አዲሱ እንዲያመለክት ሆኖ ይያዛል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳዋሐደው ይጻፋል።

ኮምፒውተሩ ተጠርጣሪዎቹን ይለቅም፤ ውሳኔው ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ የቀበሌው አስተዳደርና አርሶ አደሩ በተገኙበት ይሁን። ዝርዝሩ ቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ሰዉ ራሱ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እነዚህ ግን የአጎት ልጆች ናቸው» ይላል። ለዚህ የሚሆነው ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት ነው፤ እህሉ ገብቷል፣ የመኸሩ እርሻ ገና አልጠነከረም። ግንቦት ከገባ በኋላ መዝገብ ማጽዳት መጀመር የአርሶ አደሩን ድርሻ በወቅቱ መሐል ማገድ ይሆናል።

ፕሮግራሙን የሚረከብ ወረዳ ሊፈትሸው የሚችልበት መንገድ ደግሞ ባለሙያ አያስፈልገውም። ሁለት ታብሌት፣ ሁለት ሰው፣ አንድ የሙከራ ስም ይዘጋጅ። ሁለቱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው እኩል «አስቀምጥ»ን ይንኩ፤ ይህን ሃምሳ ጊዜ ይድገሙት። ቀጥሎ አንዱ ታብሌት ልክ እንደተነካ ኔትወርኩ ይዘጋ፤ ተመልሶ ይከፈትና እንደገና ይነካ። ከዚያ ስሙን በሀ፣ በሐ እና በኀ እየለወጡ፣ መለያውንም ባዶ እየተው ይሞክሩት። በመጨረሻ መዝገቡ ተከፍቶ ያ አንድ ሰው ስንት ሆኖ እንደተገኘ ይቆጠር፤ ቁጥሩ ከርክክብ ቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ።